ጎብኚ የሚያርፍበትን መሬት ማን ይምረጥ?

አገራችን የተራራና የገደል፣ የሸለቆና የሐይቅ አገር ናት። በሌላው ዓለም የማይገኙ እንስሳት በተራሮቿ ላይ ይኖራሉ። ዋልያ፣ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የኢትዮጵያ ብቻ ናቸው። እነዚህን ለማየት ከባሕር ማዶም፣ ከከተሞቻችንም ሰው ይመጣል። ይህ ሰው ጎብኚ ይባላል።

ጎብኚ ሲመጣ ማደሪያ ይፈልጋል። መንገድ መሪ፣ ጓዝ የሚጭን አጋሰስ፣ ምግብና ውኃም ይፈልጋል። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ይከፍላል። ታዲያ ማደሪያው የሚሠራው የት ላይ ነው? ግጦሹ ላይ ነው? ምንጩ አጠገብ ነው? ወይስ ገደሉ አፋፍ ላይ? ይህንንስ የሚወስነው ማን ነው? የምንባባችን ጉዳይ ይኸው ነው።

1. ኢኮ ቱሪዝም ምን ማለት ነው?

ቱሪዝም ማለት አገር መጎብኘት ነው። ኢኮ ቱሪዝም ደግሞ አንድ ዓይነት የአገር ጉብኝት ነው። ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ መያዝ አለበት።

አንደኛ፣ ጎብኚው የሚያየው ተፈጥሮን ነው። ተራራውን፣ ዛፉን፣ አውሬውንና ወፉን ያያል። ሁለተኛ፣ የሚታየው ነገር በጉብኝቱ ምክንያት አይጎዳም። ዛፉ ለማገዶ አይቆረጥም፣ አውሬው ከመኖሪያው አይሰደድም። ሦስተኛ፣ በቦታው የሚኖረው ሕዝብ ይጠቀማል። ሥራውም ገንዘቡም ለአካባቢው ሰው ይደርሳል።

ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ነገሩ ስሙ ብቻ ይቀራል። ባለሀብት መጥቶ የሚያምር ሆቴል ቢሠራ፣ የመንደሩም ሰው ግጦሹን ተከልክሎ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ቢያይ፣ ያ ኢኮ ቱሪዝም አይባልም።

2. ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ

አባቶቻችን «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይላሉ። ሰርዶ ሥሩ ጠንካራ ነው፤ ባዳ በሬ ያቅተዋል። መሬትም እንዲሁ ነው። ጠባዩን የሚያውቀው አብሮት የኖረ ሰው ነው።

አንድ ባለሙያ በታኅሣሥ ወር ከከተማ መጣ እንበል። ሜዳው ደርቋል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ነፋሱ ደስ ይላል። «እዚህ ላይ ቤት ይሠራ» ይላል። በሐምሌ ግን ያ ሜዳ ረግረግ ነው። በቅሎ ከገባበት አይወጣም። ይህን ባለሙያው ከየት ያውቀዋል? ገበሬው ግን ያውቀዋል።

እረኛው ደግሞ ሌላ እውቀት አለው። ቀይ ቀበሮ የት እንደምትወልድ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሌሊት በየትኛው ገደል እንደሚያድሩ የሚያየው እሱ ነው። ውኃ የሚቀዱ ሴቶች የትኛው ምንጭ በግንቦት እንደሚደርቅ፣ የትኛውም እንደማይነጥፍ ያውቃሉ። ሽማግሌዎች የትኛው መሬት ጠብ እንዳለበት፣ የትኛው የመቃብር ቦታ እንደሆነ ይናገራሉ።

የባለሙያው እውቀትም አይናቅም። አፈሩን፣ የውኃውን ንጽሕና፣ የጎብኚውን ፍላጎት እሱ ይመረምራል። ሁለቱ እውቀቶች ሲገናኙ ነው ምርጫው የሚሰምረው። አንዱ ብቻውን ከሄደ ይሳሳታል።

ደግሞም ነገሩ የመብት ጉዳይ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። በአንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ደኅንነት ፕሮጀክቶች ሲታቀዱም ሲፈጸሙም የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ ይደረጋል ይላል። ስለዚህ ሕዝብን መጠየቅ ችሮታ አይደለም።

3. ከሁለት ተራሮች የምናገኘው ትምህርት

በመጀመሪያ ወደ ሰሜን ተራሮች እንሂድ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ዋልያ ያለው እዚያ ብቻ ስለሆነ ቦታው መጠበቁ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ወሰኑ ሲሠመር መንደሮችና እርሻዎች ወደ ውስጥ ገቡ። ሰዉ እዚያው ያርሳል፣ እዚያው ከብቱን ያሰማራል። በሕጉ በኩል ግን በፓርክ ውስጥ እንደ ሰፈረ ሰው ተቆጠረ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ክርክር ሆነ። ሰዉም ተቸገረ፣ አውሬውም ተጎዳ። በ1989 ዓ.ም. ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። በኋላ ወሰኑ እንደገና ተሠመረ፤ መንደሮችም ከወሰኑ ውጭ እንዲሆኑ ተደረገ። የግጭ መንደር ሰዎች ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ አካባቢ ሄዱ። ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከተቋቋመ 47 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። መሬቱ ማረፍ ነበረበት፤ ይህ አያከራክርም። ጉዳዩ የቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ወሰን ተሠመረ፤ ሰዉ የተጠየቀው ኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ጥያቄው «የት ይሁን?» ሳይሆን «መቼ ትለቃላችሁ?» ይሆናል።

አሁን ወደ መንዝ እንምጣ። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጌራ ምድር፣ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይበልጣል። ስሙን ያገኘው ከጓሳ ሣር ነው። ይህ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለከብትም መኖ ይሆናል። መሬት የሌለው ድኻ እንኳ ሣሩን አጭዶ፣ ገመዱን ሸጦ ይኖራል።

የመንዝ ሰዎች ይህን ደጋ ለመጠበቅ ቀሮ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። ሕዝቡ አለቃ ይመርጣል። አለቃው ሣሩ እስኪያድግ ድረስ ደጋውን ለ3፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት ይዘጋዋል። በየተራ ዘብ ይወጣል። ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይነገራል፤ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። አጨዳው ሲያልቅ ከብት ይገባል። ክረምት ሲመጣ ይዘጋል።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ቀሮ ቀረ። ምክንያቱም ሥርዓቱ በዘርና በርስት ላይ የቆመ ነበር፤ ርስት የሌለው ሰው ድርሻ አልነበረውም። ነገር ግን ጠባቂው ሲጠፋ ሣሩም መመናመን ጀመረ። ኋላም በዙሪያው ያሉት ነዋሪዎች ተመካክረው ከየቀበሌው ተወካይ መረጡ። ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ደንብ አወጡ። በአዲሱ ደንብ የድሮው ባለርስትም ሌላውም እኩል ተጠቃሚ ሆነ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ቦታው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ በክልሉ ሕግ ታወቀ። ጎብኚ የሚያርፍበት አነስተኛ ቤትም ተሠራ።

ጓሳ ላይ መሬቱን «ይህ ይጠበቅ» ብሎ የመረጠው ሕዝቡ ነው። የመረጠውም ለጎብኚ ሲል አልነበረም፤ ለሣሩ ሲል ነው። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው በዚያው ተጠበቁ። ጎብኚው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው የሚጠብቀው የሚጠቀምበትንና የራሴ የሚለውን ነገር ነው።

4. ምርጫው እንዴት ይካሄዳል?

እንግዲህ በቀበሌያችን የጎብኚ ማረፊያ ይሠራ ቢባል ምን እናድርግ? ሥራውን በአምስት ደረጃ ብናየው ይቀላል።

ሀ) ሁሉም ይሰማ። ስብሰባው በገበያ ቀን አይሁን፤ በአጨዳና በውቂያ ጊዜም አይሁን። በአንድ ትልቅ ስብሰባ ላይ ሴቶችና ወጣቶች ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ። ዝምታ ደግሞ ስምምነት አይደለም። ስለዚህ ሴቶች ለብቻ፣ እረኞች ለብቻ፣ መሬት የሌላቸው ወጣቶች ለብቻ፣ ሽማግሌዎች ለብቻ ይወያዩ። ከዚያ ሁሉም ሐሳቡን ይዞ ወደ ጠቅላላው ስብሰባ ይምጣ።

ለ) ካርታ በመሬት ላይ ይሣል። ወረቀት አያስፈልግም። ሜዳ ላይ በእንጨት ጫፍ መሥመር እናሠምራለን። ወንዙን በአመድ፣ ገደሉን በድንጋይ፣ እርሻውን በገብስ፣ ግጦሹን በሣር እናመለክታለን። አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያርማል። ሲያልቅ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ወደ ወረቀት ይገለብጠዋል።

ሐ) የወራት ሰሌዳ ይዘጋጅ። ከመስከረም እስከ ጳጉሜ እያንዳንዱ ቦታ ምን እንደሚሠራበት ይጻፋል። ባዶ የሚመስል መሬት ብዙ ጊዜ ባዶ አይደለም። በበጋ ከብት ይውልበታል፣ በክረምት ንብ ይቀስምበታል፣ በድርቅ ዘመን ደግሞ የመጨረሻው መኖ የሚገኝበት ነው። ጎብኚ በብዛት የሚመጣው ዝናብ ሲያበቃ፣ ከመስከረም በኋላ ነው። ይህ ደግሞ የመኸር ጊዜ ነው። ታዲያ ማን ያጭዳል? ማንስ ጎብኚውን ይመራል? ይህም በሰሌዳው ላይ ይታይ።

መ) በእግር ይታይ። የተመረጡ ሰዎች፣ ሴቶችም ጭምር፣ ከባለሙያው ጋር ሆነው እያንዳንዱን ቦታ ይዙሩ። ቢቻል አንድ ጊዜ በበጋ፣ አንድ ጊዜ በክረምት ይታይ።

ሠ) የሚጎዳው ማን እንደሆነ ይጠየቅ። ብዙ ጊዜ «ምን እናገኛለን?» ብቻ ይባላል። «ማን ምን ያጣል?» ካልተባለ ግን ጠቡ ኋላ ይመጣል። የሚያጣ ሰው ካለ ምን እንደሚተካለት ቤቱ ሳይሠራ ይወሰን። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!

5. ምን ዓይነት መሬት ይሆናል?

መሬት ስንመርጥ የሚከተሉትን እንይ።

ውኃ፦ የማይነጥፍ ምንጭ በቅርብ መኖር አለበት። ግን የጎብኚው ውኃ ከመንደሩ ውኃ መሻማት የለበትም። ሽንት ቤቱ ከምንጭ በታች፣ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይቆፈር።

አቀማመጥ፦ ዝናብ የማይተኛበት፣ ለስላሳ ዘቅዛቃ መሬት ጥሩ ነው። ረግረግ አይሆንም። ጎርፍ የሚወርድበት ሸጥም አይሆንም። ድንጋይ ከሚናድበት ገደል ሥርም መራቅ ነው።

አውሬ፦ ጎብኚ የሚመጣው አውሬውን ለማየት ነው። በአልጋው ላይ ቤት ከሠራንበት ግን አውሬው ይሸሻል። ጭላዳ ቀን ሣር ሲግጥ ይውላል፤ ሌሊት ገደል ላይ ያድራል። ስለዚህ ማረፊያው ጭላዳ ከሚያድርበት አፋፍ ላይ አይሠራ። ቀይ ቀበሮ ደግሞ በጠቅላላው ጥቂት መቶ ብቻ ነው የቀረው። ትልቁ ጠላቱ የውሻ በሽታ ነው። በባሌ ተራሮች በ1996 ዓ.ም. በእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹ አልቀዋል። ቤት ባለበት የምግብ ትራፊ አለ፤ ትራፊ ባለበት ውሻ ይመጣል። ስለዚህ ማረፊያው ቀበሮዋ ከምትወልድበት ይራቅ፤ ትራፊውም ይቀበር።

ማገዶ፦ እንግዳ በደጋ ብርድ እሳት ይፈልጋል። ማገዶው ከየት ይመጣል? ከአስታውና ከጽዱ ከሆነ ሊጠበቅ የታሰበው ደን ራሱ ይነዳል። ማገዶ የሚሆን ባሕር ዛፍ በሌላ መሬት ላይ አስቀድሞ ይተከል።

የሰው ክብር፦ የመቃብር ቦታ፣ የቤተ ክርስቲያን ደን፣ የመስጊድ ግቢ፣ ሕዝቡ የሚያከብረው ዛፍ ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ አይነካ። ማረፊያው ከመንደሩ በጣም አይቅረብ፤ በጣምም አይራቅ። ከቀረበ የሰው ጓዳ ይታያል። ከራቀ ደግሞ የመንደሩ ሰው እንጀራውንና ዕንቁላሉን ማድረስ ያቅተዋል።

እርሻ፦ የሚታረስ መሬት አይነካ። የጎብኚ ቤት ለመሥራት ጠፍ መሬት ይበቃል።

አሁን ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ቀበሌ ሦስት ቦታ አቀረበ እንበል። አንዱ አፋፍ ነው፤ ከዚያ ሆኖ ሲታይ ቆላው ሁሉ ይታያል። ሁለተኛው ወንዝ ዳር ያለ መስክ ነው። ሦስተኛው ከምንጩ ወዲያ ያለ ጠፍ መሬት ነው። ለእያንዳንዱ ቦታ ቅርጫት ይቀመጣል። በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ፣ ማለት በውኃው፣ በመንገዱ፣ በአውሬው፣ በግጦሹ ላይ፣ ለተሻለው ቦታ ባቄላ ይጣላል።

አፋፉ በእይታ ያሸንፋል፤ ግን ጭላዳ ያድርበታል፣ ውኃም የለውም። መስኩ በውኃ ያሸንፋል፤ ግን የጥጆች መዋያ ነው። ጠፉ መሬት በእይታም በውኃም አንደኛ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ማንንም አያስለቅስም። ጎብኚው እዚያ አድሮ፣ በጧት ከመሪ ጋር ወደ አፋፉ ሄዶ ማየት ይችላል። ማየትና ማደር አንድ ቦታ መሆን የለበትም። ባቄላው ሲቆጠር ምርጫው ለሁሉም ግልጽ ይሆናል። ማንበብ የማይችልም ሰው ቆጥሮ ያረጋግጣል።

በሰሜን ወሎ በመቄት ወረዳ በ1990ዎቹ ዓ.ም. የገጠር ማኅበረሰቦች በራሳቸው መሬት ላይ እንዲህ ያሉ ማረፊያዎች ሠርተዋል። አንዱ መቋት ማርያም ነው። ቤቶቹ የአገሩ ጎጆዎች ናቸው። ጎብኚው በእግሩ ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ጓዙን አህያ ይጭናል። መስተንግዶውም የነዋሪው ነው። ትልቅ ሆቴል ባይኖርም ጎብኚው መጥቷል።

6. ያልተነበበ ውል አይፈረም

መሬቱ ተመረጠ፤ ግን ገና አላለቀም። ስምምነቱ በጽሑፍ መሆን አለበት። ቃል ይረሳል፤ ጽሑፍ ግን ይቀመጣል። ፊደል የመቁጠራችን አንዱ ጥቅም ይኸው ነው።

በውሉ ላይ የሚከተሉት ይጻፉ። የመሬቱ ወሰን ከየት እስከ የት ነው? ለስንት ዓመት ነው? ከብት ውኃ ለመጠጣት ያልፍበታል ወይ? በድርቅ ጊዜ ግጦሹ ይከፈታል ወይ? ቤቱ የማን ንብረት ነው? ከሚገኘው ገንዘብ ለሠራተኛ ስንት፣ ለጋራ ሣጥን ስንት ይሆናል? የጋራው ገንዘብ ለምን ይውላል? ሒሳቡንስ ማን ይመረምራል?

ውሉ ከመፈረሙ በፊት በስብሰባ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ያልገባው ሰው ይጠይቅ። አንዱ ቅጂ በቀበሌው፣ አንዱም በነዋሪው ኮሚቴ እጅ ይቀመጥ። ገንዘብ ያዡና ሒሳብ መርማሪው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። መንገድ መሪነትና አጋሰስ ማከራየት በተራ ይሁን። ተራ ከሌለ ሥራው የጥቂት ቤተሰብ ሆኖ ይቀራል።

ሌላም አለ። ሕዝቡ ተመካክሮ «አንፈልግም» ቢልስ? ይህም መልስ ነው፤ መከበር አለበት። እምቢ ማለት የማይቻልበት ምክክር ምክክር አይባልም።

7. ጎብኚ የቀረ ዕለት

ጎብኚ ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይቀራል። በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ ሲገባ ጎብኚ ጠፋ። ቀጥሎም በ2013 ዓ.ም. በሰሜን የአገራችን ክፍል ጦርነት ሆነ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት ተነሣ። በእነዚህ ዓመታት በብዙ ቦታ መሪዎች ሥራ ፈቱ፣ አጋሰሶችም ያለ ጭነት ዋሉ።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። የጎብኚ ገንዘብ ወጥ ነው እንጂ እንጀራ አይደለም። እንጀራው እርሻውና ከብቱ ነው። ስለዚህ ለጎብኚ የሚሰጠው መሬት፣ ጎብኚ ቢቀር እንኳ የማያስርበን መሆን አለበት። ጠፍ መሬት የሰጠ ቀበሌ ጎብኚ ሲቀር ባዶ ቤት ይቀርለታል። ግጦሹን የሰጠ ግን ከብቱንም አጥቷል።

እንግዲህ ነገሩን ስናጠቃልለው እንዲህ ነው። መሬቱን የሚያውቀው፣ ቢበላሽም የሚጎዳው፣ በቦታው የሚኖረው ሰው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እሱ ይጠየቅ፤ ቤቱ ከዚያ በኋላ ይሠራ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ኢኮ ቱሪዝም ለመባል የትኞቹ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው?
2. በሰሜን ተራሮችና በጓሳ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
3. በምሳሌው ውስጥ አፋፉ ለምን አልተመረጠም? እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትመርጡ ነበር?
4. በቀበሌያችሁ ባዶ የሚመስል መሬት አለ? በየወሩ ምን እንደሚሠራበት በሰሌዳ ጻፉ።
5. በቀበሌያችሁ ማረፊያ ቢሠራ ማን ይጠቀማል? ማንስ ይጎዳል? በቡድን ሆናችሁ ተወያዩ።